ቀይ ቀበሮ ስንት ትወልዳለች? ስንቱስ ያድግላታል?

ነሐሴ ገባ ካለ በኋላ ባሌ ተራሮች ላይ ሴት ቀይ ቀበሮ ብታዩ የታመመች ሊመስላችሁ ይችላል። ያ እሳት የመሰለ ጸጉሯ ይገረጣል፤ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሱፍ ሱፍ ይላል። ጭራዋማ ጭራሽ ያሳዝናል። ጸጉራሙ ጭራ ቡናማ ይሆንና እየረገፈ ይሳሳል። «እከክ ይዟታል» ብላችሁ እንዳታዝኑ። ወይ የመራቢያ ጊዜዋ ደርሷል፣ ወይ አርግዛለች።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስሙን እናጥራ። አለበለዚያ ስለ ቀበሮ ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን ሁሉ አንድ ላይ ቀላቅለን ጉድ እንሆናለን። በአማርኛ ቀበሮ የማንለው የለም። ተረት ውስጥ ያለችው ብልጣብልጥም ቀበሮ ናት፣ ማታ ማታ ከሩቅ የምትጮኸውም ቀበሮ ናት፣ ደጋ ላይ ያለችው ቀይዋም ቀበሮ ናት። ፈረንጆቹ ደግሞ የራሳቸው «ቀይ ቀበሮ» አለቻቸው። እሷ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ የምትገኝ፣ ከተማ ገብታ ቆሻሻ ገንዳ ስትበረብር የምታድር ሌላ እንስሳ ናት። የኛዋ ቀይ ቀበሮ ስሟ ነው እንጂ ዘሯ ወደ ተኩላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዘረመል ጥናት ከቀበሮም ሆነ ከሌሎቹ የአፍሪካ የቀበሮ ዘመዶች ይልቅ ለግራጫው ተኩላ እንደምትቀርብ አሳይቷል። ባሌ ውስጥ በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ» ይሏታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ወይም ላም ተከትላ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ስለምትጠብቅ ነው ይባላል። እዚህ ጽሑፍ ላይ «ቀይ ቀበሮ» ስል የኛዋን ነው። ያቺኛዋን «የፈረንጅ ቀበሮ» እላታለሁ፣ ለማሳጠር ያህል።

የኛዋ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። እዚህም ቢሆን ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ደጋ ላይ ብቻ ነው የምትኖረው። ባሌ፣ አርሲ፣ ስሜን፣ መንዝ ጓሳ፣ ቦረና ሳይንት፣ ሌሎችም ጥቂት ቦታዎች። ሁሉም ቢደመሩ ያደጉት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ባሌ ናቸው። ጎሽ ሜዳና ጮቄ ተራራ ላይም ነበሩ፤ አሁን የሉም።

ስለዚህ አንዲት ቀይ ቀበሮ በዓመት ስንት ወለደች፣ ስንቱ ተረፈላት የሚለው ጥያቄ የእንስሳት ወዳጆች ወሬ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ እንዲህ ሲያንስ የአንድ ዓመት ወሊድ እንኳ ቢበላሽ ይታያል።

መራቢያ ወቅቱ በዓመት አንዴ ነው። ባሌ ላይ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይገናኛሉ። እርግዝናው 60 ቀን አካባቢ ነው፤ ከቤት ውሻ ብዙም አይለይም። ስለዚህ የሚወለዱት ከጥቅምት አንስቶ ባሉት ወራት፣ ክረምቱ አልፎ በጋው ሲይዝ ነው። ከዓመት ዓመት ይህ ብዙም አይዛነፍም። ከአንድ መንጋ ሴቶች ደግሞ ስሜታቸው የሚመጣው በአንድ ሰሞን ነው፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አይራራቁም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀይ ቀበሮ በመንጋ ነው የምትኖረው። አንድ መንጋ በአማካይ 6 ያህል ያደጉ እንስሳት አሉት፤ ከዚያ የሚያንስም የሚበልጥም ሞልቷል። ወንዶቹ ይበዛሉ። ምክንያቱም ወንድ ልጅ ተወልዶ ባደገበት መንጋ ይቀራል፣ ሴቷ ናት የምትወጣው። በመንጋው ውስጥ አንዲት እማወራ አለች፣ አንድ አባወራ አለ። የምትወልደው እማወራዋ ብቻ ናት። የቀሩት ሴቶች፣ እህትም ትሁን ልጅ፣ በዚያ ዓመት አይወልዱም። ወይም ቢያረግዙም ልጅ ይዘው አይታዩም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። እማወራዋ ከመንጋዋ ወንዶች ውስጥ ከአባወራው በቀር ማንንም አታስጠጋም። ሌላው ወንድ ቢሞክር ጥርሷን አሳይታ ታባርረዋለች። ከጎረቤት መንጋ የመጣ ወንድ ከሆነ ግን በር ክፍት ነው! ባሌ ላይ ተመራማሪዎች ዓይናቸው እያየ ከመዘገቡት ግንኙነት 70 በመቶ የሚሆነው ከውጭ ከመጣ ወንድ ጋር ነበር። አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጎሬ ያሉ ቡችሎች አባታቸው የተለያየ ነው፤ ይህ በዘረመል ምርመራም ታይቷል። ባለጌነት አይደለም። ወንዶቹ በተወለዱበት ስለሚቀሩ መንጋው ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ወንድሟ ወይም ልጇ ሊሆን ይችላል። አባወራው ራሱ ዘመዷ ሊሆን ይችላል። ደጋው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ሩቅ ሄዶ ባዳ መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ ባዳው ራሱ ድንበር ተሻግሮ ይመጣል። ቀሪውን ዓመት እነዚሁ ጎረቤታሞች ድንበር ላይ ሲጯጯሁና ሲባረሩ ነው የሚውሉት። ለእነዚያ ለሦስት ለአምስት ቀናት ብቻ ነው ድንበሩ የሚላላው።

ያም ሆኖ እያንዳንዷ እማወራ በየዓመቱ አይሳካላትም። በደህና ዓመት እንኳ ልጅ የሚያድግላቸው ከ10 ሴቶች 6 ያህሉ ናቸው።

አሁን ወደ ጎሬው እንግባ። ያደገ ቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ አይተኛም። ይህን ስሰማ አላመንኩም ነበር፤ ባሌ ያለው ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ላይ በጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። እነሱ ግን ሜዳ ላይ ጥቅልል ብለው፣ አፍንጫቸውን ጭራቸው ስር ወሽቀው ያድራሉ። ጠዋት ላይ ጀርባቸው ላይ ውርጭ ተጋግሮ ይነሳሉ። ጎሬ የሚቆፈረው ለቡችሎች ብቻ ነው። ትልቅ ድንጋይ ስር ወይም የዓለት ስንጥቅ ውስጥ እናቲቱ ትቆፍራለች። አንዳንዱ ጎሬ ብዙ በር አለው።

ቡችሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው ጨፍኗል፣ ጥርስ የላቸውም፣ ቀለማቸውም ቀይ አይደለም። ከሰል የመሰለ ጥቁር ግራጫ ናቸው፤ ደረታቸውና ሆዳቸው ላይ ብቻ ፈዘዝ ያለ ምልክት አለ። ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ማንም አያያቸውም። ስለዚህ በትክክል ስንት ተወለዱ የሚለውን የሚያውቅ እናታቸው ብቻ ናት። ሰው የሚቆጥረው ከጎሬ ብቅ ያሉትን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6። ውስጥ የቀረ ካለ እዚያው ቀረ። ስለ ማንኛውም ጎሬ ውስጥ ስለሚወለድ እንስሳ «በአማካይ ይህን ያህል ትወልዳለች» የሚል ቁጥር ስታነቡ፣ የተቆጠረው የተወለደው ነው ወይስ የወጣው ብላችሁ ጠይቁ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከጎሬ ሲወጡ ያ ጥቁሩ ጸጉር ቀስ በቀስ በቀዩ እየተተካ ነው። እስከ 4ኛው ሳምንት ወተት ብቻ ነው። ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ ሥጋ ይጨመራል፤ የሥጋው አቀራረብ ደግሞ ጨጓራ ለሚይዘው ሰው የሚመች አይደለም። አንዱ ትልቅ ከአደን ሲመለስ ቡችሎቹ እየተንጫጩ ይከቡታል፣ ዘለው የአፉን ጠርዝ ይልሳሉ፣ ይነካክሳሉ። እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሆዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምቆ፣ የዋጠውን አይጥ እፊታቸው ይዘረግፈዋል። በሰከንድ ያልቃል። ጥቂት ቆይቶ ሌላው ይመጣል፣ ያው ነገር ይደገማል። 10ኛው ሳምንት ገደማ ጡት ይተዋሉ። ከዚያ በኋላም ትልልቆቹ ወራት ያጎርሷቸዋል፤ አንዳንዱ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ ይለምናል።

«አንዱ ትልቅ» ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ምግብ የሚያመጣው አባት ብቻ አይደለም፣ እናት ብቻም አይደለችም። አጎት ያመጣል፣ ታላቅ ወንድም ያመጣል፣ አክስት ታመጣለች። ሌሎቹ አደን ሲወጡ አንዱ ጎሬው አጠገብ ተጋድሞ ይጠብቃል። ጅብ ከመጣ ጮሆ ይተናነቀዋል። ንስር ከላይ ዝቅ ካለ ቡችሎቹ ወደ ጉድጓድ ሲሮጡ ጠባቂው ወደ ንስሩ ይሮጣል። ጥበቃ በሌለበት ሰዓት ቡችላ ብቻውን ሜዳ ላይ ከተገኘ ለጅብም ለንስርም ቁርስ ነው።

አሁን ወደዚያ ያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብ። አንዳንዶቹ የበታች ሴቶች ራሳቸው ሳይወልዱ የእማወራዋን ልጆች ጡት ያጠባሉ። እንዴት ነው ያልወለደች ወተት የሚኖራት? ከፊሎቹ አርግዘው የራሳቸው ልጆች የጠፉባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ሌሎቹ ግን ጭራሽ አላረገዙም፤ ሰውነታቸው ተታልሏል። የሐሰት እርግዝና የሚባለው ነው፤ ሴት ውሻ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ሆርሞናቸው እንዳረገዘች ሴት ይለዋወጣል፣ ጡታቸው ይሞላል። ስሜታቸው ከእማወራዋ ጋር በአንድ ሰሞን ስለሚመጣ ደግሞ ወተታቸውም የሚደርሰው ቡችሎቹ በሚፈልጉበት ሳምንት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ያወቁት እንስሶቹን ይዘው አይደለም፤ ኩሳቸውን እየለቀሙ ሆርሞኑን በመለካት ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገርመኝ ይሄ ነው። መውለድ የተከለከለችው አክስት ሰውነቷ ሞግዚት እንድትሆን ሲያዘጋጃት!

ይህን ከፈረንጅ ቀበሮ ጋር አስተያዩት። እሷም በዓመት አንዴ ነው የምትወልደው። በአውሮፓ የሚገናኙት ብርዱ በጠናበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ ሴቷ ወንድ የምትቀበለው ለ3 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ እርግዝናው 52 ቀን አካባቢ ነው፤ 4 ወይም 5 ቡችላ ትወልዳለች። ሙቀቱ ሲመጣ ልጆቹ ከጎሬ ይወጣሉ። መጀመሪያ ሰማያዊ የነበረው ዓይናቸው በ4ኛውና በ5ኛው ሳምንት ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ወላጆቻቸው፣ አንዳንዴም አንዲት ሁለት ረዳት ሴቶች፣ ይመግቧቸዋል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ብዙዎቹ ከቤት ይወጣሉ። በ6 ወራቸው ራስህን ቻል ነው። በዚያው ዓመት በመኪና፣ በረሃብ፣ በበሽታ ብዙዎቹ ያልቃሉ። ግን ግድ የለም፤ የተረፈችዋ በ10 ወሯ ራሷ ለመራባት ትደርሳለች። የዋልታዋ ነጭ ቀበሮ ደግሞ ይብሳል። የምትበላት አይጥ መሰል እንስሳ ስትበዛ በአንድ ጎሬ እስከ 18 ቡችላ ትፈለፍላለች፤ አይጧ ስትጠፋ ምንም ሳትወልድ ዓመቱን ታሳልፋለች።

የነዚያ ዘዴ ብዙ ወልዶ ጥቂት ማትረፍ ነው። የቀይ ቀበሮ ዘዴ ጥቂት ወልዶ፣ ብዙ አሳዳጊ አሰልፎ፣ የተቻለውን ያህል ማትረፍ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ልዩነቱ የሚታየው አሳዳጊዎቹ አንድ ቀን ድንገት ሲያልቁ ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ምግቡ ትንሽ። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ትኖራለች እንጂ በመንጋ አታድንም፤ ለየብቻ ነው። ምግቧ ከሞላ ጎደል አይጥና አይጥ መሰል ነው። ባሌ ላይ ትልቁ ጉርሻ ፍልፈል ነው፣ ያውም የባሌው ግዙፍ ፍልፈል፣ እስከ አንድ ኪሎ የሚጠጋ። አደኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀዳዳው አፍ ላይ እንደ ድንጋይ ቆማ፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ትጠብቃለች። ፍልፈሉ አናቱን ብቅ ሲያደርግ ጥፍት ያለ ዝላይ ነው። ከሳተችው ቀዳዳው ውስጥ ገብታ አፈሩን እየበተነች ትቆፍራለች።

መንዝ ጓሳ ላይ ሌላ ብልሃት አለ። ቀይ ቀበሮዎቹ ጭላዳ መንጋ መሀል ገብተው ያድናሉ። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፣ ቀበሮዋም ሕፃናቱን አትነካም። በጭላዳ መሀል ሆና ስታድን 67 በመቶ ሙከራዋ ይሳካል፣ ብቻዋን ስትሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነቅሉ አይጦቹን ያስደነግጧቸው እንደሆነ፣ ወይም አይጦቹ በጭላዳ ብዛት ቀበሮዋን ሳያስተውሉ ይቀሩ እንደሆነ ገና ይከራከሩበታል። ቡችሎች ላሏት እናት ግን በቀን ሁለት አይጥና አምስት አይጥ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ምግብ ቡችላን የሚፈትነው ጎሬ ውስጥ እያለ ብቻ አይደለም። ጡት ከተወ በኋላ ዓመት እስኪሞላው ያለው ጊዜም ክፉ ነው። አደን አልለመደም፣ ትልልቆቹ እንደ ድሮ አይዘረግፉለትም፣ ፍልፈሉም ቀልጣፋ ነው። በዚህ ጊዜ በረሃብ የሚሞት አለ። ክስት ብሎ አጥንቱ ወጥቶ ከትልልቆቹ ኋላ ኋላ የሚንከላወስ ጎረምሳ ብታዩ፣ ምስኪኑ ፈተና ላይ ነው።

ሌላው ረብሻ ነው። ጎሬው አካባቢ ሰው ከበዛ ወይም ውሻ ካነፈነፈ እናቲቱ ቡችሎቹን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ጎሬ ታዛውራለች። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚወስዱበት ጊዜ አለ። በዚያ ብርድ፣ ሰማይ ላይ ንስር እያንዣበበ፣ ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ ይዞ መመላለስ ምን ያህል አደጋ እንዳለው አስቡት። ስለዚህ ፎቶ ልታነሱ የሄዳችሁ ሰዎች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጎሬ ካያችሁ ራቅ በሉ። «ትንሽ ልጠጋ» የሚሏት ነገር ናት ጣጣ የምታመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ገዳይ። ጅብ አይደለም፣ ንስርም አይደለም፣ ብርዱም አይደለም። የቤት ውሻ ነው። ውሻው ራሱ ነክሶ ሳይሆን ይዞት በሚመጣው በሽታ። እረኞች ከብት ይዘው ደጋው ላይ ሲወጡ ውሾቻቸው አብረው ይወጣሉ። ከእነሱ ጋር የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ ወረርሽኝ ይመጣል። አንድ ቀይ ቀበሮ ከያዘው፣ ያ ለኑሯቸው ውበት የሆነው ነገር ሁሉ ይገለበጣል። ጠዋትና ማታ ተገናኝተው አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ ተጠጋግተው ያድራሉ፣ ምግብ ከሆዳቸው አውጥተው ይሰጣጣሉ። ቫይረስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ባሌ ዌብ ሸለቆ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ በቅርብ ይከታተሏቸው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። አንዳንዱ መንጋ አንድም ሳይቀር ጠፋ። በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መሀል መሀሉን ደግሞ ዲስተምፐር፣ በ2005፣ በ2010፣ በ2015 ገደማ። ዲስተምፐር ለቡችላ ይበልጥ ክፉ ነው፤ እሱ በገባበት ወቅት ከጎሬ ወጥቶ የሚያድግ ቡችላ ጥቂት ነው።

«እሺ፣ የተረፉት በቀጣዩ ዓመት ይወልዱና ይተካሉ» ማለት ይመጣል። የፈረንጅ ቀበሮ ብትሆን አዎ። ቀይ ቀበሮ ጋ ግን ሒሳቡ ይከብዳል። ከመንጋው ሁለት ወንድሞች ብቻ ቢተርፉ መንጋ አይባሉም፤ የምትወልድ የለችም። እናትና አንድ ልጇ ቢተርፉ ደግሞ ጎሬ የሚጠብቅ፣ አይጥ የሚያመጣ፣ ድንበር የሚያስከብር የለም። የተረፉት ከሌላ ትራፊ ጋር ተገናኝተው አዲስ መንጋ እስኪመሠርቱ ድረስ ጊዜ ይሄዳል። ከዚያ የመጀመሪያው ወረርሽኝ በኋላ ባሌ ላይ ቁጥሩ ለማንሠራራት ዓመታት የፈጀበት ለዚህ ነው። ምግብ ሞልቶ ነበር፣ ቦታው ባዶ ነበር፤ የጠፋው ቤተሰብ ነበር።

ሌላም ጣጣ አለ። ሴት ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር ትዋለዳለች። ዌብ ሸለቆ ላይ ይህ ታይቷል፤ አፈሙዛቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደልደል፣ ቀለማቸው ለየት ያለ ክልሶች ተወልደዋል። የባዳ ወንድ በር ክፍት ነው ብለን አልነበር? በሩ የተከፈተው ለጎረቤት ቀበሮ ነበር፣ ውሻ ሾልኮ ገባ።

መፍትሔው ምንድነው? ክትባት ነው፤ ግን ማንን? መጀመሪያ ውሾቹን ነው የከተቡት፣ በየዓመቱ በሺዎች። ጥሩ ነው፣ ለሰዉም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ውሻ ይወልዳል፣ ከሌላ አገር ይመጣል፣ ከብት ይዞ ይዘዋወራል፣ አልቆ አያልቅም። በ2003 ወረርሽኙ ሲመጣ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን በወጥመድ እየያዙ በመርፌ መከተብ ተጀመረ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ደስ የሚል ነው። ሁሉንም መከተብ ግድ አይደለም። አንዱን ሸለቆ ከሌላው በሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ያሉትን መንጋዎች ከከተቡ በሽታው እዚያ ሲደርስ መንገድ ያጣል።

ግን ቀበሮ በወጥመድ መያዝ አድካሚ ነው፣ ወረርሽኙ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ተሞከረ። ክትባቱ ያለበትን ትንሽ ብልቃጥ መሳይ ከረጢት በፍየል ሥጋ ይሸፍኑና በየመንጋው ግዛት ይጥሉታል። ቀበሮዋ ሥጋውን ስታኝክ ከረጢቱ ይፈነዳል፣ ክትባቱ አፏ ውስጥ ይፈሳል። ከዓመታት ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ ተጀመረ። በዚህ ሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እዚያው ደጋ ላይ ነው፤ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ በፈረስ እየዞሩ የየመንጋውን ቡችላ የሚቆጥሩትም እነሱ ናቸው።

እማወራዋን መከተብ አንድ እንስሳ ማዳን ብቻ እንዳልሆነ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። በሕይወት ያለች እማወራ ማለት የሚቀጥለው ጥቅምት ወሊድ ነው። የተከተበ አጎት ማለት ጎሬ አጠገብ የሚጋደም ጠባቂ ነው።

በመጨረሻ፣ ቡችላዋ ይህን ሁሉ አለፈች እንበል። ጎሬውን፣ ንስሩን፣ ያንን የረሃብ ዓመት፣ በሽታውን። ወንድ ቢሆን እዚያው ቀርቶ ታናናሾቹን ያበላል፤ ዕድሜና ዕድል ከሰጠው አንድ ቀን አባወራ ይሆናል። ሴቷ ግን 2 ዓመት ሲሆናት ትወጣለች። የት ትሄዳለች? ደጋው በሙሉ ተከፋፍሎ ተይዟል፤ ከታች እርሻ ነው፣ ከዚያ በታች ሰው ነው። ስለዚህ በሁለት መንጋዎች ድንበር መሀል ባለች ጠባብ ቁራጭ መሬት ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ማንም አይፈልጋትም፣ ማንም አጥብቆ አያባርራትም። አይጧን እየበላች፣ ጥቅልል ብላ ውርጩ ላይ እያደረች፣ ግራና ቀኝ ካሉት እማወራዎች የአንዷ ቦታ እስኪለቀቅ ድረስ ትጠብቃለች።